ከማዶ የመለሰችው ቆቅ

በዱር እንስሳት ጥበቃ ቢሮው ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «ጆሮ» ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት ጎህ ሲቀድ ጫካ ገብታ ወፍ ስታዳምጥ የኖረች ባለሙያ ናት። ባሏ ግን «ቤት ውስጥ ስጠራት ብቻ ነው የማትሰማው» እያለ ያሾፍባታል።

የዘንድሮው ሥራዋ ቀልድ አልነበረም። ገደሉ ዳር ያለው ደን ከመጥረቢያ የተረፈው በጫካ ቆቅ ምክንያት ነው። ቆቋ ሦስት ዓመት በተከታታይ ካልተሰማች ደኑ ከጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ተሰርዞ ለቆራጭ ይሰጣል። አምናና ካቻምና ተሰምታለች፤ የሰማችውም ራሷ ጆሮ ናት።

አሠራሩ ቀላል ነው። የተቀዳ የቆቅ ድምፅ በማጉያ ይለቀቃል፤ ቆቅ ካለች «ማን ገባብኝ» ብላ ትመልሳለች። ድምፁን የቀዳው ከአምስት ዓመት በፊት የሞተው አለቃዋ ነው። ሲቀዳ መጨረሻው ላይ ሳል አምልጦታል። ሰውየው ከሞተ ወዲህ ሳሉን መስማት ስለከበዳት፣ ጆሮ ከራሷ ቅጂ ላይ ቆርጣ አወጣችው።

አምና ድምፅ የሚሸፍን ነፋስ ነበር፣ ካቻምና ካፊያ። ዘንድሮ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ድምፁን ለቀቀችና ጠበቀች። ትንሽ ቆይቶ ከገደሉ ማዶ ቆቋ መለሰች።

«ተመስገን» አለ ሾፌሩ። «ይኸው አለች እኮ፣ እትዬ። ይጻፉና ቁርሳችንን እንብላ።»

ጆሮ እስክሪብቶ አነሳች። ቆቋ ሦስቴ ጮኸች። ከዚያ እህ እህ ብላ ሳለች፣ እንደ ሰው።

ጆሮ እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠች። ያንን ሳል አሥራ ሰባት ዓመት ከጎኗ ሰምታዋለች።

«ምነው፣ ፊትዎ አመድ መሰለ?»

የማዶውን ጎን የሚቆጥረው የጎረቤት ቢሮ ነው፤ ቆጠራው በሁለቱም ቢሮዎች በየዓመቱ በአንድ ቀን ማለዳ ይውላል፤ ይህን ግን ማንም አስተውሎት አያውቅም። እዚያ ያለውም ባለሙያ አለቃዋ ያስተማረው ሰው ነው። ደወለችለት።

«የት ነህ?»

«አፋፉ ላይ ነኛ፣ እህቴ። ደስ ይበልሽ፣ አሁን ከወዲያ በኩል መለሰችልኝ። ልክ እንደ አምናው።»

«የማንን ቅጂ ነው የምትለቀው?»

«የጋሼን ነዋ። እንዳለ፣ ያልተነካካውን።»

«የመለስኩልህ እኔ ነኝ» አለችው።

«አምናስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«አምናም። ካቻምናም።»

እሱ ማጉያውን አጠፋ። እሷ እንደ ደንቡ እየጠበቀች ሦስት ጊዜ ለቀቀች። ዛፉ አለ፣ ሐረጉ አለ፣ ሌሎቹ ወፎች ይንጫጫሉ። ቆቋ የለችም።

ሾፌሩ ነገሩ ሲገባው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማን ያውቅብዎታል፣ እትዬ? እስከ ዛሬ ደኑን የጠበቀው ሟቹ ነው። ይጠብቅ እንጂ፣ ምን ቸገረን?»

«እኔ አውቃለሁ።»

ቅጹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ «አልተሰማችም» ብላ ጻፈች። ከመዝገቡ የአምናውንና የካቻምናውንም ሰረዘች። ሦስት ዓመት ሞላ።

«እንሂድ» አለች።

ሾፌሩ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ወደ ማዶ አፍጥጧል። «አሥር ደቂቃ እንጨምር፣ እትዬ» አለ።

ጨመሩ።