ያልነጣው የኖራ ውሃ

ያላያችሁትን ነገር «አይቻለሁ» ብላችሁ እንድትጽፉ ታዝዛችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ታዝዣለሁ። የሆነውም ሞጣ ላይ፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ በነሐሴ፣ በጾመ ፍልሰታ ነው። ዛሬም ሳስታውሰው አፌን ይመረኛል።

በቅደም ተከተል ላስረዳ። ያን ጊዜ ብቸና ላይ አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ጎን ለጎን የኮሌጅን የመጀመሪያ የኬሚስትሪ ትምህርት በግሌ አጠናለሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጽሐፉ በፖስታ ይመጣል፤ ዓመቱን ሙሉ ብቻዬን አነባለሁ፤ ክረምት ሲገባ ሞጣ ሄጄ ሙከራዎቹን በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ በእጄ እሠራለሁ። የቤተ ሙከራው አስተማሪ ካልፈረመልኝ ያነበብሁት ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ከፈረመልኝ ግን ለትልልቆቹ ክፍሎች ሳይንስ ማስተማር እችላለሁ። ከዚህ ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረም።

ቤተ ሙከራ ሲባል በሐሳቤ የማየው የሚያብረቀርቅ ብርጭቆ ነበር። በሩ ሲከፈት ግን እኔንና እንደ እኔ ለክረምቱ የመጡትን መምህራን የተቀበለን የሌሊት ወፍ ኩስ ሽታ ነው። ቧንቧው ደርቋል። በእጅ መታጠቢያው ውስጥ የሲጋራ ቁራጭና የሞተ ዝንብ አብረው ረግተዋል። ደህና ደህናው ዕቃ እንዳይሰበር ተብሎ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። አስተማሪው ከባሕር ዳር የመጣ፣ ጭቃው እንዳይነካው ሱሪውን እየሰበሰበ የሚራመድ ሰው ነበር። ለሙከራው ኖራ የተቀመጠበትን ቆርቆሮ ክዳን አንሥቶ የሲጋራ መተርኮሻ አድርጎታል። ይህን ክዳን አትርሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የዕለቱ ሙከራ ቀላል ነው። ኖራ በውሃ ይበጠበጣል፤ ሲረጋ ከላይ ያለው የጠራ ውሃ ለብቻው ይቀዳል። በዚያ ውሃ ውስጥ በቱቦ ሲተነፍሱበት እንደ ወተት ይነጣል። ምክንያቱም ከሳንባችን የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኖራው ጋር ሲዋሐድ ጠመኔ ይሆናል።

ለሁላችን የተሰጠን ቱቦ አንድ ነበር። አንዱ ይነፋል፣ በጋቢው ጫፍ ጠረግ ያደርጋል፣ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ከእኔ በፊት የነፋው ጉንፋን የያዘው ሰው ነው። ቱቦው እጄ ሲገባ ይሞቅ ነበር፤ ከውስጡ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ምራቅ ተንጠልጥሏል። ዓይኔን ጨፍኜ ነፋሁ። ውሃው ግን እንደጠራ ቀረ።

አጠገቤ የነበሩት ከግንደወይን የመጡ መሪጌታ ናቸው፤ እንደ እኔው መምህር ሆነው ትምህርቱን ይከታተላሉ። ቱቦውን ሳቀብላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ጾመኛ ነኝ» አሉ።

«እስትንፋስ እኮ ይወጣል እንጂ አይገባም፣ መሪጌታ።»

«እስትንፋሱስ ይውጣ። ምራቁስ? የዚህን ሁሉ ሰው ምራቅ ቀምሼ ልቆርብ ነው?»

እሳቸውም ሳይነፉ «ነጣ» ብለው ጻፉ። ሌሎቹም ውሃቸው ሳይነጣ «ነጣ» ብለዋል። እኔ «አልነጣም» ብዬ ጻፍሁ። አስተማሪው በትከሻዬ በኩል አነበበና ጭሱን ፊቴ ላይ ለቀቀው።

«መጽሐፉ ምን ይላል?»

«ይነጣል ይላል፣ መምህር።»

«ታዲያ አንተ ከመጽሐፉ ትበልጣለህ?»

«የብቸና ሰው ትንፋሽ ልዩ ይሆናል» አለ ባለ ጉንፋኑ። ሰዉ ሳቀ።

«ነገ ከመሄዴ በፊት አስተካክለህ አምጣ» አለኝ አስተማሪው፤ «አለዚያ አልፈርምም።»

ወደ ማደሪያችን ስንመለስ መሪጌታ ጭቃውን በበትራቸው እየሞከሩ አጽናኑኝ። «ጻፈውና ይለፍልህ፣ ልጄ። መጽሐፍ ካለው በላይ ምስክር ከወዴት ይመጣል?»

«እርስዎ ቅኔ ቤት ሳሉ» አልኋቸው፣ «የሌላ ሰው ቅኔ የእኔ ነው ብለው ቢያቀርቡ የኔታ ምን ይሉዎት ነበር?»

መሪጌታ ቆሙ። ዝናቡ ከጥምጥማቸው ላይ ይወርዳል። ከዚያ በትራቸውን ከጭቃው ነቅለው ወደ ማደሪያችን ቀደሙኝ።

እኔ ግን ስለ ክዳኑ አስብ ነበር። ኖራ ክፍት ሲተው ከአየሩ ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ ይወስድና ሳንነፋበት ጠመኔ ሆኖ ይቀመጣል። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ኖራ ከሞተ ቆይቷል። የገደለውም መተርኮሻው ነው። ክረምቱ ሥራውን ያስቆመው አንድ የጤና ጣቢያ ግንባታ ቦታ ላይ ውሃ የተኛበት የኖራ በርሜል አይቼ ነበርና እዚያ ሄድሁ። ውሃ የተኛበት ኖራ አየር አያገኘውም።

«ምን ልታደርገው ነው?» አለኝ ዘበኛው።

«ልተነፍስበት።»

«ከሰፈርህ አየር ጠፋ?» አለና እፍኝ በቆርቆሮ ዛቀልኝ።

ጠዋት፣ ሌሊቱን አርግቼ የቀዳሁትን የጠራ ውሃ በአረቄ ጠርሙስ፣ በቱቦው ፈንታ የቆረጥሁትን የገብስ አገዳ በጋቢዬ ጠቅልዬ ደረስሁ። አገዳው ለየሰዉ አንድ አንድ ነው። መጀመሪያ የተቀበሉኝ መሪጌታ ናቸው። አገዳውን አገላብጠው አዩ፤ ማንም አልነካውም። ነፉ። ውሃው መጀመሪያ ጭጋግ መሰለ፣ ከዚያ ነጣ።

አስተማሪው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሣው። «ይኸው ነጣ። ትናንትናስ ምን ብዬህ ነበር? በል፣ ያን 'አልነጣም' ሰርዘው።»

ከሽታውም፣ ከምራቁም ይልቅ የዘገነነኝ ይህ ነው። ሰውየው ውሃው ለምን ትናንት እምቢ እንዳለ፣ ለምን ዛሬ እንደነጣ አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። ሲጋራውን እዚያው ክዳን ላይ ተረኮሰ።

«አልሰርዝም» አልሁ። «የትናንቱ አልነጣም፣ የዛሬው ነጣ። ሁለቱም ይጻፍ፤ ምክንያቱንም ጽፌዋለሁ።»

መሪጌታ ወረቀታቸውን ከክምሩ ስበው አወጡ። «ነጣ» ያሉትን ሰርዘው «ትናንት አልነፋሁም፣ አላየሁም፤ ዛሬ ነፋሁ፣ አየሁ» ብለው ጻፉ።

አስተማሪው ሰዓቱን አየ፤ መኪናው እየጠበቀው ነበር። ለሁለታችን የሚያሳልፈውን ዝቅተኛ ውጤት ሰጥቶ ፈረመ። ባለ ጉንፋኑ ከሁላችን የበለጠ አገኘ። መስከረም ላይ ብቸና ትልልቆቹን ክፍሎች ተረከብሁ። ያን ቱቦ ባሰብሁ ቁጥር ግን ዛሬም እጸየፋለሁ።

ስለዚህ እኔ ነጣ ስላልሁ ነጣ አትበሉ። ውሃ የተኛበት ኖራ ፈልጉ፤ በጥብጡት፣ እንዲረጋ ተዉት፣ የጠራውን ቅዱ። እንዳትጠጡት፣ ዓይናችሁንም እንዳይነካችሁ ተጠንቀቁ። የየራሳችሁን አገዳ ይዛችሁ ንፉና ያያችሁትን ጻፉ። ካልነጣም፣ አልነጣም በሉ፤ ከዚያ ክዳኑን ፈልጉ።