ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ

የእህቴ ልጅ እጮኛዋ ለጋብቻ እንዴት እንደጠየቃት በስልኳ አሳየችኝ። ፊኛ ተሰቅሏል፣ አበባ መሬት ላይ ተበትኗል፣ ልጁ ተንበርክኮ ቀለበት ይዟል፣ ጓደኞቹ ጥግ ሆነው ይቀርጻሉ። ያምራል፤ አላጣጥልም። “በእናንተ ጊዜ መቼም እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ሴቷ ዝም ብላ መሰጠት ነው፣ አይደል አክስቴ?” ስትለኝ ግን ደሜ ፈላ። ዝም ብላ! ለእኔ ነው ይሄ የሚነገረው? ቁጭ በይና ስሚ አልኳት።

ጊዜው የደርግ ነው። አባቴ ደሴ ውስጥ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ፣ ጨርቅ ይሸጣል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሱቁ ውስጥ ጣቃ እየዘረጋሁ እቆርጣለሁ። የምወደው ልጅ ኮምቦልቻ ፋብሪካ መካኒክ ነው። የተዋወቅነው ቢስቲማ አካባቢ መሠረተ ትምህርት ስናስተምር ሲሆን፣ እሱ የዚያው አገር ገበሬ ልጅ ነው። ቀልደኛ፣ ኩሩ፣ ግትር። ግትርነቱን ያኔ ከወንድነት ቆጥሬለት ነበር።

ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። ሁለቱንም ጊዜ አባቴ መለሳቸው። “ዘሩን አላውቅም፣ እጁ ዘይት ነው” አለ። ዘር! የገዛ አያቱ ከየመን መጥተው፣ ጨርቅ በትከሻቸው ተሸክመው፣ ገበያ ለገበያ በእግራቸው የዞሩ ሰው ናቸው፤ እኛ ከሰማይ የወረድን ይመስል። ይህንኑ ፊት ለፊት ብነግረው በጥፊ አጮለኝ። “ጥፊ መልስ አይሆንም” አልኩት። ሌላ ጨመረልኝ።

በእኛ አገር ሽማግሌ ሦስት ጊዜ አይመለስም። ሦስተኛውን የመለሰ ሰው አገር እንደናቀ ይቆጠራል፤ ለቅሶው ላይም ሰርጉ ላይም ሰው ይርቀዋል። ስለዚህ አንድ መላክ ብቻ ቀርቶን ነበር። ችግሩ የሚሄድ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ “ሰውየው ግትር ነው፣ ሦስተኛውንም ይመልሰናል፤ ከዚያ ወዲያ ጠብ ነው” ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ልጁም “ከእንግዲህ አልለምንም፣ እኔም ክብር አለኝ” ብሎ ላከብኝና ኮረፈ። አባቴ ደግሞ ደጋን ከተማ ሱቅ ላለው ደንበኛው ሊሰጠኝ ዳር ዳር ይል ጀመር።

የደጋኑ ሰውዬ ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉን እምቢ ማለት ይቀላል። የእኔ ቁጭት ከሰውየው ጋር አልነበረም። በእኔ ዕድሜ ላይ አገር ሲነጋገር እኔ ጣቃ ስጠቀልል መዋሌ ነው ያንገበገበኝ። እናቴ “ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ” ትለኛለች። ዝም ባይነቅዝም እኔ ነቀዝኩ።

ሰፈራችን ውስጥ ዱበርቲዎች ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በዱዓ የጨረሱ አሮጊት እናቶች። ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበው ለታመመው፣ ለወለደችው፣ ዝናብ ለራቀው ሁሉ ይለምናሉ። ምርቃታቸው ይፈለጋል፣ እርግማናቸው ይፈራል። ትልቋ አባቴን ራሱን ያዋለዱት ናቸው። ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩና ያለ ዙሪያ ጥምጥም ተናገርኩ።

“እማማ፣ ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ።”

“ወዴት?”

“አባቴ ዘንድ።”

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ሳቀች፣ አንዷ “አስተግፊሩላህ” አለች። ትልቋ ግን አልሳቁም። “ሴት ሽማግሌ ሆና ስትሄድ ያየች አለች?” ብለው ዞረው ጠየቁ። ማንም አላየችም።

“እንግዲያው እኛን ያዩናላ” አሉ። “አብሽሪ።”

ዕቅዱን አብረን አወጣን። ቤት ቢሄዱ አባቴ ትራስ አቅርቦ፣ ሰደቃ ሰጥቶ፣ “መርቁኝ” ብሎ ይሸኛቸዋል፤ ጉዳያቸውም አፋቸው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሱቁ ይሁን አልኩ። ሰኞ ይሁን፣ ገበያው ሲሞላ። ነጭ ልበሱ፣ ከዘራ ያዙ፣ እንደ ወንዶቹ በር ላይ ቁሙ፤ ጉዳያችሁን ሳይሰማ መቀመጥ የለም። “ከዘራ ከየት እናምጣ?” አለች አንዷ። “የባልሽን ያዢ” አሏት ትልቋ። “እሱ እንደሆነ ከሞተ ወዲህ አልፈለገውም።”

ሰኞ ረፋዱ ላይ መጡ። አራት ነጭ የለበሱ አሮጊቶች ከዘራ ተደግፈው በሩን ሞሉት። ጨርቅ የሚያማርጡት ሴቶች እጃቸውን ሰበሰቡ። እኔ ከኋላ መቀስ ይዤ ቆሜያለሁ።

“አሰላሙ አለይኩም።”

“ወአለይኩም ሰላም። ምነው እማማ፣ ይግቡ እንጂ፣ ይቀመጡ!”

“የመጣንበትን ሳትሰማ አንቀመጥም። ሽማግሌ ሆነን ነው የመጣን።”

አባቴ መጀመሪያ ሳቀ። የማንን ጉዳይ እንደያዙ ሲሰማ ሳቁ ጠፋ። “የኮምቦልቻውን ልጅ ጉዳይ ነው? እማማ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ሽማግሌ ወንድ ነው። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰሙም?”

“ሰምቻለሁ” አሉ። “አንተን ሳዋልድም ወንዶቹ ደጅ ቆመው ነበር። ምኑን ጨረሱት?”

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። የአባቴ ፊት በርበሬ መሰለ። “ሽማግሌ አይደላችሁም!” አለ። “ሽማግሌ አልመጣብኝም፤ ስለዚህ መልስም የለኝም።” ብልጥ ነው አባቴ። ሽማግሌ ናችሁ ካላቸው ሦስተኛው መላክ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ አይመለስም። አይደላችሁም ካለ ማንም አልመጣም። በር ዘግቶብን ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

እነሱ ግን ንቅንቅ አላሉም። ከዘራቸውን ተክለው ቆሙ። የመንገዱ ሰው ምንድን ነው እያለ ተሰበሰበ። በዚያ ዘመን ሰው ሲሰበሰብ ደግሞ ማን ይመጣል? የቀበሌ ጥበቃ። ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት ሰዎች ሕዝቡን እየገፉ ደረሱ።

“ምን ስብሰባ ነው ይሄ? ማን ፈቀደ?”

“የጋብቻ ጉዳይ ነው” አሉ ትልቋ።

“ጋብቻ በገበያ? በከዘራ? የአድኃሪ ሥራ መሆን አለበት!”

“ሴትና ወንድ እኩል ነው እያላችሁ በየስብሰባው ጆሯችንን ስታደነቁሩ የከረማችሁት እናንተ አይደላችሁም? ይኸው፣ እኩል ሆነን መጣን።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዛሬ ያስቃል፤ ያኔ ግን ከዚህ ባነሰ ንግግር ታስሮ የቀረ ሰው አለ። አንደኛው ታጣቂ የትልቋን ክንድ ጨምድዶ ያዘ። “አንቺ አሮጊት፣ ቀበሌ ታስረጃለሽ፣ ቅደሚ!” አላቸው። እኔ ነኝ ያመጣሁባቸው፣ እኔን ውሰዱ ልል መቀሱን ጥዬ ስንደረደር አባቴ ቀደመኝ። ያ ወፍራም ሰውዬ በባንኮው ላይ እንዴት እንደተሻገረ ዛሬም አይገባኝም። በመሃላቸው ገባ።

“እጅህን አንሳ!” አለ። “ሽማግሌዎቼ ናቸው! ለልጄ ጉዳይ የመጡብኝ ሽማግሌዎቼ ናቸው። ስብሰባም የለ፣ ምንም የለ!”

ታጣቂው አባቴን ያውቀዋል። ትንሽ አጉረመረመና “በቶሎ ጨርሳችሁ ተበተኑ” ብሎ ለቀቃቸው። ትልቋ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ክንዳቸውን እያሹ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

“ሰማችሁ? ሽማግሌዎቼ አለ። በገዛ አፉ።” ከዚያ ወደ አባቴ ተመለሱ። “አላህ ይጠብቅህ፣ ልጄ። ዛሬ የእናት ልጅ ሆነሃል። ዘሩን አላውቅም ላልከው የልጁን አያት እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ሰው ናቸው። በል አሁን መልሳችንን ስጠን።”

አባቴ እሳቸውን አየ። ገበያውን አየ። መጨረሻ ላይ እኔን አየ። “ሰጥቻለሁ” አለ። እኔ እልልታዬን በሻሼ አፍኜ ያዝኩ።

ከመግሪብ ሰላት በኋላ ቤት ውስጥ ጠራኝ።

“አንቺ ነሽ የላክሻቸው?”

“እኔ ነኝ።”

“ልጁስ ያውቃል?”

“አያውቅም።”

ራሱን ያዘ። “ላ ኢላሃ ኢለላህ! ላልጠየቀኝ ሰው ነው ልጄን የሰጠሁት?” ከዚያ “እስከ ጁምዓ” አለ። “ራሱ በእግሩ መጥቶ ካልጠየቀኝ የደጋኑ ሰው አለ።”

በማግስቱ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። ደሴ የለበስኩትን ሹራብ እዚያ ሙቀቱ አስወለቀኝ። ሺፍት እስኪለወጥ ፋብሪካው በር ላይ ቆምኩ። ሴት ልጅ እዚያ ቆማ ወንድ ስትጠብቅ ሰው ምን እንደሚላት አውቃለሁ። አፍንጫውን ይላስ።

ወጣና ሲያየኝ ደነገጠ። “ምነው፣ ሰው ሞተ?”

“ማንም አልሞተም። አባቴ ሰጥቶሃል። ጁምዓ መጥተህ ጠይቀው።”

ነገሩን ስተርክለት መጀመሪያ በሳቅ ሞተ። ቀስ በቀስ ግን ፊቱ ጠቆረ። “እኔ ሳላውቅ? በአሮጊት? ሰው ምን ይለኛል? ሽማግሌ የላከችው እሷ ናት ይሉኛል እኮ።”

“ይበሉ። ውሸት ነው?”

“እኔ ወንድ አይደለሁም?”

እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። አባቴን፣ ገበያውን፣ ጠመንጃውን አልፌ መጥቼ እሱ ደግሞ ይገተርብኝ! “ስማኝ” አልኩት፣ ጓደኞቹ ሁሉ እየሰሙ። “አባቴ እጁ ዘይት ነው ብሎ ናቀህ። አንተ ደግሞ ሴት ቀደመችኝ ብለህ ትኮራብኛለህ። ማንኛችሁ ትብሳላችሁ? ጁምዓ ብትመጣ እሰየው። ባትመጣ ግን ለደጋኑ ሰውዬ የምሄድ እንዳይመስልህ። አንተንም አላገባ፣ እሱንም አላገባ። ቆማ ቀረች ይበሉኝ፤ የምቆመው በራሴ እግር ነው።”

መልስ ሳልጠብቅ ሄድኩ። መኪናው ሐረጎን ሲወጣ መስኮቱን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። እወደው ነበር።

ጁምዓ አባቴ ከመስጂድ ተመልሶ ሱቁን ከፈተ። እኔ መንገዱን ላለማየት ጣቃውን በሙሉ አውርጄ እንደገና ደረደርኩ። አባቴ ሊዘጋ ሲል ልጁ መጣ። ሸሚዙን ተኩሷል፣ ብቻውን ነው።

“አሰላሙ አለይኩም። ልጅዎን ለጋብቻ ልጠይቅ መጥቼ ነው።”

አባቴ መነጽሩን አወለቀ። “ሙሽራ ብቻውን አይጠይቅም። ሽማግሌህ ማን ነው?”

ሰው ምን ይለኛል ብሎ የአጎቱን ስም ቢጠራ በቃኝ ብዬ ነበር። ወላሂ፣ ነጠላዬን አንስቼ በኋላ በር ልወጣ ነበር። እሱ ግን ወደ እኔ በእጁ አመለከተ። ጆሮው ቀልቷል።

“እሷ ናት” አለ።

አባቴ ዞሮ አየኝ። የሚቆጣ መስሎኝ ጠበቅሁ።

“ሽማግሌ ከሆንሽማ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?” አለኝ። “ነይና ጠይቂኝ።”

ወደ ፊት ወጣሁ። ልጁ አጠገብ ቆምኩና፣ “አባባ፣ ልጅዎን ይስጡን” አልኩት።