ለአንድ ቅርጫት ስንት በረዶ

ደርግ አገር ቤት ሰውን በየቀበሌው ሲቆጥር፣ እኔ ጂዳ ዓሣ ገበያ አጠገብ ለጀልባዎች በረዶ እሸጥ ነበር። ጉለይል ሰፈር አንድ ክፍል የምንጋራው የምጽዋ ልጅ ዓሣ አጥማጅ ነው። ካፊሉ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ኢቃማውን ያወጣለት ሰውዬ፣ የጀልባውን ግማሽ ሊሸጥለት ተስማማ። የሚከፍለው በሚስቱ ወርቅ ነው፤ ያላት ሁሉ እሱ ነው። ለሐጅ ከመጣች ዘመዱ እጅ መካ ሄዶ ተቀብሎ ትራሱ ውስጥ ሰፍቶታል።

ጠዋት ጠዋት አንድ የተማረ ያገራችን ሰው ደብተር ይዞ ይመጣል። ሥራው ከጀልባ የሚወርደውን ዓሣ ቆጥሮ ባሕር ውስጥ የቀረውን መገመት ነው።

«ቅርጫቱ እንዳምናው ሙሉ ነው። ባሕሩ ደህና ነው» አለኝ አንድ ቀን።

«ጋሼ፣ አምና ለዚሁ ቅርጫት ሁለት ጉማጅ በረዶ ይወስዱ ነበር። ዘንድሮ አምስት ነው።»

«ሙቀቱ ይሆናላ።»

«ሙቀቱማ ያው ነው። አምና ጀልባዎቹ በማግስቱ ይመለሱ ነበር፤ አሁን ቅርጫቱን ለመሙላት አራት ቀን ባሕር ላይ ይቆያሉ።»

እስክሪብቶው ቆመ። ገጹን ወደ ኋላ ገለጠ። ቅርጫት የሚጻፍበት ዓምድ ነበረው፤ ስንት ቀን እንደፈጀ የሚጻፍበት አልነበረውም።

ለምጽዋው ጓደኛዬ ነገርኩት። ሳቀብኝ።

«አንተ በረዶ ሻጭ፣ ባሕር ልታስተምረኝ ነው? ዓሦቹ እንቁላል ሊጥሉ የሚሰበሰቡበትን ድንጋይ አውቀዋለሁ። ና፣ በጆሮህ ስማ።»

ዓርብ ይዞኝ ወጣ። ቦታው ላይ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋና መቅዘፊያውን ውኃ ውስጥ ሰክቶ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። ዓሦቹ ካሉ፣ ከታች ሲያጉረመርሙ በእንጨቱ ይሰማል። ቀትር ነው። ነፋስ የለም፣ ወፍ እንኳ የለም። ውኃው እስከ ታች ይታያል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

«ድሮ እንደ ወፍጮ ነበር» አለ ጆሮውን ሳያነሳ።

ብዙ ቆየን። ከዚያ ፊቱ በራ።

«ይኸው። ሲንኳኳ ይሰማሃል?»

እንጨቱን ተቀብዬ አዳመጥኩ። ቀጭን፣ ደረቅ ድምፅ ነው። አውቀዋለሁ። ከባሕሩ አልነበረም የሚመጣው። የጀልባውን ሆድ ክዳን አነሳሁለት፤ በረዶዬ ሙቀት ነክቶት እየተሰነጠቀ ነው።

በረዶውን አየ። መቅዘፊያውን መልሶ ጆሮው ላይ አደረገ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አላነሳውም።

በሳምንቱ መካ ሄዶ ወርቁን ለሚስቱ እንድትመልስለት ለዘመዱ ሰጣት። «ኸላስ፣ በቃ» ብቻ አለኝ። ግማሹን ጀልባ ሌላ ሰው ወሰደ። ሰውዬው ደስ ብሎት በረዶ ሊገዛ መጣ።

«ለአንድ ቅርጫት ስንት ላድርግልህ?»

«ሰባት።»

ሰጠሁት፤ ነጋዴ ነኝ። ስቆርጠው ግን የበረዶውን ድምፅ እንዳልሰማ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌ ነበር።