ሁለቱም ወገን ለአንድ ስፒከር

የሆነውን ልንገራችሁ። ባሌ ለሥራ ኩርሙክ ከመሄዱ በፊት አምፕሊፋየሩን ምን እንዳደረገው እንጃ፣ አንዱ ስፒከር ዝም ብሎ ሌላው ብቻውን ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል። እኔ ደግሞ በትንሹም በትልቁም የምጨነቅ ሰው ነኝ። ሁለት ዓመት የሞላት፣ አፏን ገና ያልፈታችው ልጄ ሐያት ስፒከሩ ላይ ደረቷን ለጥፋ ስትስቅ ጆሮዋ ይጎዳል ብዬ ነፍሴ ትወጣለች። በመጨረሻ ገበያው አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግነውን አብደላን ጠራሁት።

ከፍቶ አየና ሳቀ። «እህቴ፣ ይሄ አልተበላሸም። ባልሽ የአምፕሊፋየሩን የግራና የቀኝ ወገን ጉልበት አንድ ላይ አስሮ ለአንዱ ስፒከር ሰጥቶታል። ወላሂ፣ በዚህ ሠርግ ይደገሳል!»

«እኛ ሠርግ የለንም፤ እንደ ሰው ቤት አድርግልኝ» አልኩት።

ፈታና ለሁለቱም ስፒከር አካፈለው። ዘፈኑ ለስለስ ብሎ ወጣ። ሐያት መጥታ እንደ ልማዷ ደረቷን ለጠፈች። ጠበቀች። ወደ ሌላኛውም ሄዳ ለጠፈች። ከዚያ አለቀሰች።

የአብደላ ሳቅ ጠፋ። ዘፈኑን አጠፋና ከኋላዋ ሆኖ አጨበጨበ። ዞር አላለችም። እኔም ስሟን እየጠራሁ ጮህኩ። ዞር አላለችም።

ባሌ ጋ ደወልኩ። «ታውቅ ነበር?» አልኩት። «በጆሮዋ ሳይሆን በደረቷ እንደምትሰማ አይቼ ነው ያሰርኩት። ላንቺ መንገር ፈራሁ፣ ትሞቺብኛለሽ ብዬ» አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁና፣ «አብደላ፣ እንደነበረ እሰርልኝ» አልኩት።