ታማሚዋን አይተሽ ንገሪን

ጣና ሐይቅ ላይ ወዳለችው ደቅ ደሴት የሄድሁት ለመሳለምም ለሽርሽርም አይደለም። ዕድራችን ልኮኝ ነው። የላኩኝ ደግ ስለሆንሁ እንዳይመስላችሁ፤ በሰፈሩ ከኔ የባሰ ተጠራጣሪ ስላጡ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ስመ ጥር የፊልም አርቲስት አንጓች ለምትባል የደቁ የመሪጌታ ፈንቴ ልጅ የልብ ሕክምና ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። ፎቶዋ በየባጃጁ ተለጠፈ። አብረውት የሚሠሩት ልጆች ሞንታርቦ ይዘው መናኸሪያውን፣ ገበያውንና የቤተ ክርስቲያኑን በር ያዙት። "የቀዶ ጥገና ተራዋ ሊያልፍ ነው! ዝም ካላችሁ ገዳዮቿ እናንተ ናችሁ!" ይላሉ። በሞትሁት! ጎመን ልገዛ ወጥቼ ገዳይ ተባልሁ። አንደኛውማ "እማማ፣ ይስጡ እንጂ!" ብሎ ነጠላዬ ላይ ስቲከር ለጠፈብኝ። እኔም ልጬ ግንባሩ ላይ መለስሁለት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ በሰፈሩ "አፈኛዋ" ተባልሁ።

ልጆቹ እሁድ ለዕድራችንም ጥያቄ አቀረቡ። ስብሰባው ወዲያው ተደበላለቀ። አንዱ "ልጅቷ የለችም" ይላል፤ ሌላው "አለች፣ ግን ድና ባል አግብታለች" ይላል፤ ሌላው ደግሞ "አርቲስቱ መኪና ሊለውጥበት ነው" ይላል። ለነገሩ ከዚህ በፊትም እንዲህ ተለቅሶ የተሰበሰበው የት እንደገባ የነገረን የለም። በመጨረሻ ሰብሳቢያችን አቶ ምህረቴ መነጽራቸውን አውልቀው፣

"እንግዲህ አፈኛዋ ትሂድ። እሷ ካመነች የማያምን አይኖርም። ታማሚዋን አይተሽ ንገሪን" አሉ።

እምቢ ልል ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ "እሄዳለሁ" ብዬ ተገኘሁ። ቆይቶ ነው የከበደኝ። "ውሸት ነው" ብዬ ብመለስ ከኛም ሆነ እኛን ከሚጠብቁት ከጎረቤት ዕድሮች ሰባራ ሳንቲም አይወጣም። ልጅቷ እውነት ታማ ከሆነ ተራዋ በኔ አፍ ያልፋል ማለት ነው።

ገበያ

መርማሪ ነኝ አይደል? ማለዳ ተነስቼ በቀጥታ ወደ ጀልባው መሄድ ነበረብኝ። እግሬ ግን በገበያ በኩል ወሰደኝ። ልጅቷ ከሌለች ብርቱካኑን ማን ሊበላው ነው? ካለች ደግሞ ባዶ እጄን የታመመ ሰው ቤት ልገባ ነው? እናቴ ከመቃብሯ ተነስታ ትገስጸኛለች። ስኳርና ብርቱካን ገዛሁ። ዋጋው የሚነገር አይደለም። ሻጯን "ከወርቅ ቤት ነው እንዴ የመጣው?" ብላት፣ "ለታመመ ሰው ነው? እንዲያ ከሆነ ልመርቅልዎት" ብላ ጨመረችልኝ። ማንም በሞንታርቦ አልጮኸባትም።

ሐይቁ ላይ

ጀልባው ሳሙና፣ ዘይት፣ ቆርቆሮና ሰው ተጭኖ ወጣ። ባለጀልባው ከካቦቴ በላይ የሚያንቀኝን የዋና ጃኬት አለበሰኝና "እንዳይፈቱት" ብሎ አስጠነቀቀኝ። ውሃው ጠዋት ጠዋት ጸጥ ያለ ነው። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆች እጃቸውን አነሱልን። ክብራን ገብርኤል ዘንድ ስንደርስ ሴት አይገባበትምና ከሩቁ ተሳለምን። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ዕድርተኞቹን በልቤ አመሰገንኋቸው። ስንት ዘመን ዳሩ ላይ ኖሬ ሐይቁን እንዲህ አልፌው አላውቅም።

አጠገቤ የተቀመጠች ጨርቅ ነጋዴ ብርቱካኑን አየችና፣

"ለማን ነው?" አለችኝ።

"ለመሪጌታ ፈንቴ ልጅ፣ ለታማሚዋ።"

"ውይ! እርስዎም ሊያዩዋት ነው?"

"እኔም ማለትሽ? ሌላ ማን ያያታል?"

"ኧረ የማይመጣ የለም! ከጎንደር ይመጣሉ፣ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። አይተው፣ በስልክ ቀርጸው ይሄዳሉ። ዱሮ ደቅ የሚመጣ ሰው ገዳም ነበር የሚያየው።"

ብርቱካኑን በነጠላዬ ሸፈንሁት።

ደቅ

ከጀልባው ወርደን በማንጎ ዛፎች መካከል በሚያልፍ ቀጭን መንገድ ወጣን። ግራ ቀኙ በቆሎና ዳጉሳ ነው። ነጋዴዋ እስከ መሪጌታ አጥር ድረስ ሸኝታኝ ተመለሰች።

"ቤቶች!"

"ይግቡ፣ ይግቡ! ቤት ለእንግዳ!"

መሪጌታ ፈንቴ ጥምጥማቸው የነጣ፣ ጀርባቸው ትንሽ የጎበጠ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ልጃቸውን የሚያስታምሙት እሳቸው ናቸው። ማን እንደሆንሁ ሳይጠይቁ እጄን አስታጠቡኝና የቀረሶ ዓሣ ጥብስ ከዳጉሳ እንጀራ ጋር ቀረበልኝ። አንጓች መደቡ ላይ በትራስና በጋቢ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ ባጃጁ ላይ ያለው ነው፤ እዚያ ታለቅሳለች፣ እዚህ ግን ፈገግ አለችልኝ።

"ከባሕር ዳር ነኝ፣ የዕድር ሰው። አንጓችን ልጠይቅ ብዬ ነው" አልሁ።

መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ወይ ጣጣ! የሰው እንጀራ እየበሉ እንዴት "እውነት ታማለች?" ተብሎ ይጠየቃል? ጨክኜ "ሐኪሞቹ ለመሆኑ..." ብዬ አፌን ስከፍት መሪጌታ አጎረሱኝ። ውጬ ደግሜ ስከፍት ደግመው አጎረሱኝ። "አንድማ ያጣላል" ይላሉ። እንዲህ ያለ መርማሪ ታይቶም አይታወቅ።

ጥያቄውን ትቼ ምሬቴን አወጣሁ። ከአርቲስቱ ጋር የሚሠሩት ልጆች እንደሚጮሁብን፣ ገዳይ እንደሚሉን ነገርኋቸው።

"ልመና ነውር አይደለም፣ እመቤቴ" አሉኝ መሪጌታ። "እኔ በተማሪነቴ ጎጃምን ለምኜ ነው የተማርሁት። ደጅ ቆሜ 'በእንተ ስማ ለማርያም' እልና ዝም ነው። ያለው ይሰጣል። 'እግዜር ይስጥህ' ካሉኝ ወደሚቀጥለው ቤት ነው። ሰውን አስፈራርቶ መቀበል ልመና አይባልም። ልጆቹን በዚህ አዝኜባቸዋለሁ። ቢሆንም ለልጄ ብለው ነውና ልረግማቸው አልችልም።"

ከዚያ ተማሪዎቻቸውን ሊያዩ ወጡ። አንጓች የአባቷ ዳና እስኪርቅ ጠበቀችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

"እትዬ፣ ልነሳና እስከ አጥሩ ልራመድ?" አለችኝ።

"ለምን ልጄ? የምትፈልጊው ነገር አለ?"

"እኔስ አልፈልግም። የሚመጡት ሰዎች ሳለከልክ ካላዩ አያምኑም። አባባ እንዳያዩ እሳቸው ሲወጡ ነው የምራመደው። ልጆቹ ለቀረጹት ቪዲዮም ደጋግሜ ተራምጃለሁ።"

ይህን ስትል ጋቢውን ከእግሯ ገልጣ ነበር። መቀመጧ ብቻ አድክሟት ትንፋሿ በየቃሉ ይቆረጣል። ይህን ሳላይ ቀርቼ አይደለም፤ ዓሣውን ስበላ ጀምሮ አይቼዋለሁ።

"ተቀመጪ!" አልኋት። ድምፄ ጮኸብኝና ደነገጠች። "ተቀመጪ፣ የኔ ልጅ። ማንም ይምጣ ማን፣ ሁለተኛ ለማንም እንዳትራመጂ።"

ጋቢውን መልሼ አለበስኋትና ብርቱካን መላጥ ጀመርሁላት። ተናድጃለሁ። በልጆቹም፣ በሚመጣው ሰውም፣ ይህን እንዳይ በላከኝ ዕድርም፣ እሺ ብዬ በመጣሁት በራሴም ተናድጃለሁ።

"አርቲስቱስ እንዴት ያለ ሰው ነው?" አልኋት።

"እሱ ደግ ነው፣ እትዬ። አንድ ጊዜ ያለ ካሜራ ብቻውን መጥቶ አድሮ ሄዷል። እስከ አዲስ አበባ ያሳከመኝም እሱ ነው። ብቻ ስለኔ ሰው ላይ ሲጮሁ ስሰማ እኔ የጮህሁ ያህል አፍራለሁ።"

መልስ

እዚያው አደርሁ፤ ማታ መሪጌታ ሳልጠይቃቸው የቀዶ ጥገና ቀጠሮዋን ነገር አጫወቱኝ። ጠዋት መሪጌታ ሎሚ በፌስታል ሞልተው እስከ ጀልባው ሸኙኝ። ስንለያይ፣

"ለምን እንደመጡ አውቃለሁ" አሉኝ።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ከመጣው ሁሉ ልጄን 'ተቀመጪ' ያላት እርስዎ ብቻ ነዎት። ደጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። እንደምትራመድላቸውም ዱሮ አውቃለሁ፤ እንዳወቅሁ ካወቀች ትሳቀቃለች ብዬ ዝም አልሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

እሳቸው እኔን አመሰገኑ! ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ይህን ተነጋግረውበታል፤ ባይሆን አልጽፈውም ነበር። ጀልባው እስኪርቅ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስሁ።

በሚቀጥለው እሁድ ዕድርተኛው ነቅሎ መጣ።

"አየሻት?" አሉ አቶ ምህረቴ።

"አየኋት። ታማለች። ተራዋም እውነት ነው።"

"ማስረጃ ይዘሻል? ቪዲዮስ?"

"የለኝም። አልጠየቅሁም፣ አልቀረጽሁም።"

አዳራሹ ተንጫጫ። "ታዲያ በምን እንመን?" አለ አንዱ።

"በኔ። የላካችሁት እኔን ነው፣ ካሜራ አልላካችሁም።"

"ዕድር ለሞተ እንጂ ለታመመ አያወጣም!" አለ ሌላው።

"እንግዲያው እንጠብቃት" አልሁ። "ድንኳኑ እንደሆን ዝግጁ ነው።"

"ይሰጥ" ብለው መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት አቶ ምህረቴ ናቸው። ከዚያ ሌላውም ተከተለ። የአርቲስቱን ልጆችም አስጠርተን፣ ሞንታርቦው እንዲጠፋና የተሰበሰበው የት እንደዋለ ለየዕድሩ እንዲነገር አስማማናቸው። እያጉረመረሙም ቢሆን እሺ አሉ።

እኔ ከጥርጣሬ ድኛለሁ አልልም። ነገም ነጠላዬ ላይ ስቲከር የሚለጥፍ ካለ ግንባሩን ያዘጋጅ። የት ገባ ብሎ መጠየቅም የሰጪ መብት ነው። ጥያቄው ግን ገንዘቡን ለያዘው ነው እንጂ ትንፋሽ ላጠራት ልጅ አይደለም። ደቅ ደርሼ የተማርሁት ይህን ነው፤ ለላኩኝም ላስተማሩኝም ምስጋናዬ ብዙ ነው።

አንጓች ለቀዶ ጥገናው ስትሄድ በባሕር ዳር አለፈች። የአውሮፕላን ትኬቱን አርቲስቱ ከኪሱ ቆርጦላቸዋል። ጀልባው ከሚቆምበት እስከ መኪናው ያለው ዳገት ለኛ ምንም አይደለም፤ ለሷ ግን ተራራ ነው። አቶ ምህረቴ ማንም ሳያሳስባቸው ከዕድሩ ዕቃ ቤት ባለመደገፊያ ወንበር አሸክመው ወደ ወደቡ ወረዱ። ዕድርተኛውም ብርቱካን ይዞ ተከተለ። የአርቲስቱ ልጆች ካሜራቸውን ሲደግኑ አቶ ምህረቴ፣

"እሱን አስቀምጡና ወንበሩን ያዙ!" ብለው ጮኹባቸው።

አስቀመጡና ያዙ። አንደኛው ያ ስቲከር የለጠፈብኝ ልጅ ነበር። አንጓች የተቀመጠችበትን ወንበር በአራቱ ማዕዘን ይዘው ትከሻቸው ላይ አድርገው ዳገቱን ሲወጡ መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው በጎን እየሄዱ ይጸልያሉ። አንጓች ከላይ ሆና ስታየኝ እጇን አወዛወዘችልኝ።

"እትዬ!" አለች እየሳቀች። "ዛሬ አንድ እርምጃ አልተራመድሁም!"