ያልተመለሰችው ጥንቸል

ባለፈው ቅዳሜ እህቴ ቤት ተቀምጬ የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም፣ የስድስት ዓመቷ ልጇ ስልክ ላይ የካርቱን ፊልም እያየች ስቅስቅ ብላ ታለቅስ ጀመር። አንዲት ትንሽ ዳክዬ ከእናቷ ተለይታ ጠፍታ ኖሯል። ልጅቷ ቀና ብላ «አክስቴ፣ ትመለሳለች አይደል?» አለችኝ። ለልጅ «አዎ» ብሎ ማለፍ ምን ይከብዳል? እኔን ግን ይከብደኛል። ያችን ቃል በልጅነቴ ብያት እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ካርቱን የሚታየው ሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ በነበረች አንዲት የጭቃ ክፍል ውስጥ ነበር። ቪዲዮ ቤት እንላታለን። በሩ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀላል፤ ከጓሮ ጄኔሬተሩ እያንባረቀ የቤንዚን ሽታውን ይለቅብናል፤ እኛም በጣውላ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን የሰውን ላብና የእርጥብ ጋቢ ጠረን እየማግን እናያለን። ሰባተኛ ክፍል ስደርስ በእንግሊዝኛ አንደኛ ስለወጣሁ ባለቤቱ አስተርጓሚ አደረገኝ። አንደኛ መውጣቴ እውነት ነው፤ እንግሊዝኛ መቻሌ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከአሥር ቃል ሁለቱን ሰምቼ ስምንቱን ከራሴ እጨምር ነበር። መጀመሪያ በአማርኛ እናገራለሁ፣ ቀጥዬ ከገጠር ለመጣው ገበያተኛ በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና እደግመዋለሁ፤ ስደግመው ታሪኩ ሁልጊዜ ትንሽ ይረዝማል። የሚያርመኝ ስላልነበረ ኩራቴ ጣሪያ ነክቶ ነበር።

ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የጥንቸሏን ፊልም ነበር። አንዲት ጥንቸል ለእናቷ መድኃኒት ልታመጣ በረዶ የሆነ ወንዝ ተሻግራ ትሄዳለች፤ በረዶው ይቀልጥና መመለሻ ታጣለች። ምድሩ ሁሉ ነጭ ስለሆነ ገበያተኛው ጨው መስሎት፣ ይህን ያህል ጨው ያለው አገር ምን ጎድሎት ነው ልጆቹን የሚሰድ እያለ ይከራከር ነበር። ለምን እንዲያ እንደሚያስለቅሰን ያኔ አልገባኝም፤ አሁን ሳስበው ጥንቸል አገር ስለሌላት ይመስለኛል። ፊልሙ ላይ የፈረንጅ ልጅ ብትጠፋ የፈረንጅ ልጅ ጠፋች ብለን እናዝናለን። የተሳለች ጥንቸል ስትጠፋ ግን እያንዳንዱ ተመልካች የራሱን ሰው ያስቀምጥባታል።

ጎረቤታችን እማማ ጥሩወርቅ ያስቀመጡባት ሙሉን ነው። ሙሉ አንድ ልጃቸው ናት፤ ዐረብ አገር ለሥራ ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏት፣ ደብዳቤዋ ከተቋረጠም ከርሟል። እማማ ከገበያ መልስ ማር የያዙበትን ቅል አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ። ካሴቱ መጨረሻው ላይ ይቆራረጥ ስለነበር መጨረሻውን ያየ አልነበረም። አንድ ቀን ባለቤቱ ከወልድያ ደህና ቅጂ አስመጣና ፊልሙ እስከ መጨረሻው ሄደ። ክረምቱ ሲያልፍ የጥንቸሏ ሻርፕ ብቻ በወንዙ ተንሳፍፎ ይመጣል፤ እናትየው ሻርፑን ከዛፍ ሥር ትቀብራለች፤ ከዚያ የሰፈሯ አንዲት ወላጅ አልባ ጥንቸል ልትጦራት ወደ ቤቷ ትገባለች። ይህን ያህል እንግሊዝኛ ገብቶኛል። እማማ ግን ወደ እኔ ዞረው «እቺ የገባችው ማን ናት?» አሉ። ጥንቸሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። «ልጇ ናት፣ ተመለሰች» አልኩ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ እማማ እልል አሉ። ያን ቀን ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ከሙሉ ጋር አንድ ከተማ ትሠራ የነበረች ልጅ የሙሉን ሻንጣ ከሞቷ ወሬ ጋር ይዛ መጣች። ሽማግሌዎቹና ቄሱ በማለዳ መርዶ ሊነግሩ ወደ እማማ ቤት ሄዱ፤ እናቴ ልታጽናና ስትሄድ እኔም ተከተልኳት። ይለቀሳል ስንል እማማ ተቆጡ።

«ልጄን በቁሟ ልትቀብሩብኝ ነው? ልብስ መጣ ተብሎ ሰው ይሞታል? ያቺስ ጥንቸል ክረምቱን ከርማ መጥታ የለ!» አሉና በጣታቸው ጠሩኝ። «ነይ፣ አንቺ አስተርጓሚዋ፣ ንገሪያቸው። አልተመለሰችም?»

ሰዉ ሁሉ እኔን አየ። እውነቱን ብናገር ውሸታምነቴ በሰፈሩ ፊት ሊወጣ ነው። ስለ እማማ አላሰብኩም፤ ስለ ራሴ ነው ያሰብኩት። «ተመልሳለች» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ለጊዜው ይሁንላት ብለው ወጡ። ጊዜው ግን ዓመታት ሆነ። ለሙሉ ድንኳን አልተጣለም፣ ፍትሐት አልተደረገም፣ ተዝካር አልወጣም። እማማ ለበዓል በመጣ ቁጥር አዲስ ቀሚስ እየገዙ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡላት ነበር።

መምህርት ሆኜ ወደ ሰቆጣ ስመለስ ውሸቴን መሸከም አልቻልኩም፣ ሄጄ ተናዘዝኩ። «እማማ፣ ያኔ ዋሽቼዎታለሁ። የገባችው ሌላ ጥንቸል ናት፤ የራሷ ልጅ አልተመለሰችም።» እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። አልተቆጡም። «አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ፣ ረስተሽው ነው» አሉኝ። «እኔ በዓይኔ አይቻታለሁ።» ከዚያ ማር በዳቦ አቀረቡልኝ፤ እኔም አፍሬ በላሁ።

እማማ ባለፈው ዓመት አረፉ። አርባቸው ሲወጣ ለሙሉም አብሮ እንዲጸለይላት ልጠይቅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ሌላ የምክስበት መንገድ አልታየኝም። ቄሱ ደስ ብሏቸው «የክርስትና ስሟን ንገሪኝ» አሉ። ሙሉ ናት ስላቸው «እሱማ የዓለም ስሟ ነው፤ ጸሎት የሚደረገው በክርስትና ስሟ ነው» አሉኝ። የክርስትና እናቷ ከሞቱ ቆይተዋል፣ የእማማ የነፍስ አባትም እንዲሁ፤ ጽጽቃ ከተማ ድረስ ሄጄ ዘመዶቻቸውን ጠይቄ አንድም የሚያውቅ አጣሁ። የሚያውቁት እማማ ብቻ ነበሩ። በዚያ ማለዳ እውነቱን ብናገር ኖሮ እማማ አልቅሰው ስሟን ለቄሱ ይሰጡ ነበር። ስሙን ይዘውት ሄዱ።