የሐሙስ እርጎ

የግቢያችን ዜና አንባቢ እኔ ነበርኩ። ዜና አንባቢ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ተማሪው ካፌ በር ላይ ተሰልፎ ሽሮውን ሲጠብቅ፣ ጣሪያው ላይ ከተሰቀሉት ስፒከሮች ውስጥ እየተቆራረጠ የሚወጣው ድምፅ የእኔ ነው። የሚኒ ሚዲያ ክፍላችን ድሮ የተሰባበሩ ወንበሮች ማከማቻ ነበር። እኛ ስንገባበት ወንበሮቹን ወደ አንድ ጥግ ገፋናቸውና ማይክራፎናችንን ተከልን።

ዶርም ውስጥ ግን "ዜና አንባቢዋ" ብሎ የሚጠራኝ ሰው የለም። ስሜ ሱሉልታ ነበር። ከበላዬ ያለው አልጋ ላይ የምትተኛው ሰበታ፣ በመስኮቱ በኩል ያለችው ደግሞ ቡራዩ ነበረች። ገና ስንመጣ የዶርሙ ፕሮክተር ስማችን እየተምታታባት በየከተማችን ትጠራን ጀመር፤ በዚያው ቀረን። ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጡት ልጆች "እናንተ እኮ ቤታችሁ በራፍ ላይ ነው" እያሉ ይቀኑብን ነበር። እውነታቸውን ነው። ሰበታ በየሳምንቱ መጨረሻ ሄዳ አባቷን ሱቅ ውስጥ አግዛ ትመለሳለች። ቡራዩማ ካልሲዋን እንኳን ግቢ ውስጥ አጥባ አታውቅም፤ በፌስታል ጠቅልላ ለእናቷ ይዛላት ነው የምትሄደው። እኔ ብዙም አልሄድም ነበር፤ ቤቱ ራሱ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣልኝ ነበራ።

አባቴ ሐሙስ ሐሙስ የእኛንና የጎረቤቶቻችንን ቅቤ ይዞ፣ እንጦጦን አልፎ ወደ ከተማ ይወርዳል። ለደንበኞቹ ቤት ለቤት አዳርሶ ሲጨርስ ወደ ግቢው የኋላ በር ይመጣል። ከክፍል ስወጣ ከሽማግሌው ዘበኛ ጋር በኦሮምኛ ሲሳሳቁ አገኛቸዋለሁ። ዘበኛው የጫንጮ ሰው ስለነበሩ ወሬያቸው አያልቅም፤ አንዳንዴ መምጣቴንም ልብ አይሉትም። ከዚያ አባቴ እናቴ የላከችልኝን እርጎ በትንሽ ቢጫ ጀሪካን ይሰጠኛል፤ እኔ ያለፈውን ሳምንት ጀሪካን አጥቤ እመልስለታለሁ። በእኛ ቤት ልማድ የወተት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። እርጥብ ሳር ጣል ይደረግበታል፤ ላሟ እንዳትነጥፍ ነው፣ ምርቃት ነው። የጀሪካን አፍ ጠባብ ስለሆነ እኔ ሳሩን አፉ ላይ ወትፌ ነበር የምሰጠው።

ችግሩ በበጋ ግቢው ውስጥ እርጥብ ሳር ያለው አስተዳደሩ ሕንፃ ፊት ለፊት ብቻ መሆኑ ነው። እሱም ጠዋትና ማታ ውሃ የሚጠጣ፣ "ሳሩን አይርገጡ" የሚል ሰሌዳ የቆመለት ሳር ነበር። ሰሌዳው አይንጩ አይልም። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት የጫማዬን ክር የማስር መስዬ ጎንበስ እልና አንድ ጭብጥ ነጭቼ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። እናቴ ደግሞ ጀሪካኑ ቤት ሲደርስ ሳሩን ከአፉ አውጥታ በቀጥታ ለቡሬዋ ነው የምትሰጣት። ቡሬዋ ላማችን ናት። አባቴ በዚህ ነገር ቀልዶ አይጠግብም ነበር። "ከቤታችን ዩኒቨርሲቲን የበላችው እሷ ናት" ይላል። ሌላ ሐሙስ "ሁለተኛ ዓመት አለፈች" ይለኛል፤ ውጤቴ ዝቅ ያለ ጊዜ ደግሞ "ዲግሪውን ካንቺ በፊት ነው የምትወስደው" አለኝ። ይኼ ቀልድ ዛሬ እንዴት እንደሚናፍቀኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ አንድ ሳምንት ነው። ፋሲካ አልፎ ነበር። የግቢው ሳምንት ተብሎ ያልተደገሰ ነገር አልነበረም፤ ጥናታዊ ጉባኤ፣ የደም ልገሳ፣ የመጻሕፍት ሽያጭ፣ የባህል ቀን፣ የዋንጫ ጨዋታ። አጥሩ ተቀባ። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ያልነበረው የመጸዳጃ ቤት ቧንቧ ለእንግዶቹ ሲባል መፍሰስ ጀመረ። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ይኼን ሁሉ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ድረስ አነበብኩ። ስለ ቧንቧው ግን አንብቢ የተባልኩት ወረቀት ላይ ምንም አልነበረም።

የማስተር ፕላኑ ወሬም በዚያው ሰሞን ነበር ደርቶ የከረመው። ከተማው ወደ ዙሪያው ይሰፋል፣ ገበሬው ይነሳል ይባላል። ባለፈው ሐሙስ አባቴ ከብቶቻችን በሚግጡበት መስክ ላይ ሰዎች መጥተው ችካል ተክለው እንደሄዱ ነግሮኝ ነበር። "ቡሬዋን የሚያስሩበት መስሏቸው ይሆናል" ብሎ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። መስኩ ከሄደ ላሟ ትሄዳለች። ላሟ ከሄደች አባቴ ሐሙስ ሐሙስ ምን ይዞ ይመጣል? በልጅ ሒሳብ አስቤው ነው እንዳትሉኝ፤ ዛሬም ሳስበው ሒሳቡ ያው ነው።

ማክሰኞ ተቃውሞ ተነስቶ መንገድ ተዘጋ። እውነተኛውን ዜና የምንሰማው ማታ አልጋችን ላይ ተቀምጠን ነበር። ቡራዩ ጎማ ሲቃጠል ጭሱ ከታክሲ ተራው እንደሚታይ ወንድሟ ደውሎ ነገራት። ሰበታ አባቷ ሱቁን ዘግቶ ውስጥ እንደተቀመጠ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግን ደጁ ላይ ቁጭ ብለው እየጠበቁለት እንደሆነ ሰማች። "አባቴ ሻይ በመስኮት እያቀበላቸው ነው" ብላ እየሳቀች አለቀሰች። የሱሉልታ ዜና ግን አልነበረም። የአባቴ ስልክ አይጠራም፤ ያቺ ሴትዮ ብቻ ደጋግማ "ደንበኛውን ማግኘት አልተቻለም" ትለኛለች። እኔም ዜና አንባቢ ነኝና፣ የእሷን ድምፅ ያን ሰሞን እንደጠላሁት ሌላ ድምፅ ጠልቼ አላውቅም። ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ "ሳምንቱ በደመቀ ሁኔታ ቀጥሏል" ብዬ አነበብኩና ማይክራፎኑን ዘግቼ ከተሰባበሩት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ምሳዬን ሳልበላ ቀረሁ።

ሐሙስ የባህል ቀን ነበር። የባህል ክበቡ ሰብሳቢ ከአከራይ ያመጣውን ጮጮ፣ ያንን በዛጎል ያጌጠ የወተት ዕቃ፣ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

"ይኼን ይዘሽ መድረኩ ላይ ትዞሪያለሽ። ፈገግ እያልሽ፣ እሺ?"

ክዳኑን ከፍቼ አየሁት። ውስጡ የማስቲካ ልጣጭ አለ።

"ባዶ ነው" አልኩት።

"ታዲያስ? ውስጡን ማን ያየዋል?"

ማንም አያየውም። እኔ ግን አባቴ የደረሰበት በማይታወቅበት ቀን፣ ያውም በሐሙስ፣ ባዶ የወተት ዕቃ ይዤ ሰው ፊት አልቆምም። አጉል እምነት በሉት። ሰብሳቢው እየጮኸ ጥዬው ወጣሁና፣ በሐበሻ ቀሚሴ ወደ አስተዳደሩ ሕንፃ ሮጥኩ። ጎንበስ ከማለቴ ፊሽካ ተነፋ። ቀና ስል የኋላው በር ሽማግሌ ናቸው፤ ለእንግዶቹ ሲባል አዲስ ኮፍያ አልብሰው ወደ ፊት አምጥተዋቸዋል።

"አንቺ ልጅ! ዛሬ እንኳ እንግዳ አለ አትይም?"

ጮጮውን ከፍቼ አሳየኋቸው። አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

"አባትሽ አልመጣም?"

"አልመጣም፣ አባባ። ስልኩም አይሠራም። መንገዱ ምን ይላሉ?"

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔስ ቤቴን መች አየሁት?" አሉኝ። ወደ ዋናው በር ዞሩ። "ቶሎ በዪ። እኔ ወዲያ እያየሁ ነው።"

ሁለት ጭብጥ ነጨሁ፤ አንዱ ለሽማግሌው ቤት፣ ለጫንጮ ነው። መድረኩ ላይ ስወጣ ሳሩ ከጮጮው አፍ ተንጠልጥሎ ነበር። አስተዋዋቂው ስለ ልምላሜና ስለ ሰላም ብዙ አወራ፤ እንግዶቹ ቆመው ፎቶ አነሱኝ። እኔ ፈገግ አላልኩም። እናቴ ለቡሬዋ የምትላትን ምርቃት በኦሮምኛ በልቤ ደገምኩት። ከዚያ ወርጄ እስኪመሽ ድረስ የኋላው በር ላይ ቆምኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡራዩ እየሮጠች ዶርም ገባች። "ሱሉልታ! አባትሽ በሩ ላይ ናቸው!"

እንዴት ደረጃውን እንደወረድኩ አላውቅም። እንደወትሮው ከሽማግሌው ጋር ቆሟል። ጫማው አመድ መስሏል፣ ሱሪው ላይ እስከ ጉልበቱ ጭጎጎት ተለጥፎበታል። ቢጫዋ ጀሪካን በእጁ ናት። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ፤ እሱ በነጻው እጁ ጀርባዬን መታ መታ ያደርገኛል።

"በምን መጣህ አባባ?"

"በእግሬ፣ በባሕር ዛፉ ውስጥ። ታክሲው አድማ ላይ ነው፤ እኔ አድማ ላይ አይደለሁም።"

"እማማስ? ቤቱስ?"

"ሁሉም ሰላም ነው። ሐሙስን ቅዳሜ ማድረጌን ብቻ ይቅር በይኝ።"

"ቡሬዋስ?"

ጎንበስ ብሎ ከሱሪው ላይ ጭጎጎት መልቀም ጀመረ። "ደህና ናት" አለ። "ፈተና ላይ ናት።"

እስኪበቃኝ ሳቅሁ። ሽማግሌውም ሳቁ፣ ወዲያውም ራሳቸው ሄደው ከተከለከለው ሳር አንድ ጭብጥ አምጥተው ቡራዩ ተከትላኝ ባመጣቻት ያለፈው ሳምንት ባዶ ጀሪካን አፍ ላይ ወተፉላት። አባቴ ተቀበላቸው፣ መንገዱ ሳይመሽበት ተሰናበተን። "ነጋን ገሊ" አልኩት፤ በሰላም ግባ ማለቴ ነው። ጥግ ላይ ሲታጠፍ ጀሪካኗን ሳሩ እንዳይወድቅ ቀጥ አድርጎ ይዟት ነበር።

ማታ እርጎውን ለሦስት ተካፈልን። ሰበታ አንዴ ተጎንጭታ "ዛሬ ጣዕሙ ሌላ ነው" አለች። እውነቷን ነበር። እናቴ ቅሏን የምታጥነው በወይራ ነው፤ ይኼኛው ጥንጁት ጥንጁት ይላል። ወይራ አልቆባት ይሆናል ብዬ ጠጣሁት። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ሳምንቱ በሰላም ተጠናቋል ብዬ አነበብኩ፤ ለእኔ በእርግጥም በሰላም ተጠናቆ ነበር።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ቤት ገባሁ። ጓሮ ዞሬ ሳይ በረቱ ተጠርጓል፤ እበት የለም፣ ገመዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እናቴ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። ቡሬዋ የተሸጠችው በዚያው ሳምንት ሰኞ ነበር፤ መንገዱ ሳይዘጋ። መስኩ ላይ ችካል የተተከለበት ሰው ሁሉ ድርቆሽ ሳያልቅበት ከብቱን ሲሸጥ አባቴም ሸጠ። ሐሙስ መንገዱ ተዘግቶ ዋለ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ተራራው ግርጌ ካለች፣ መስኳ ካልተነካባት ሴት እርጎ ገዝቶ እንጦጦን በእግሩ ወጣ።

"ለምን አልነገረኝም?" አልኳት።

"ባዶ እጄን ምን ብዬ እሄዳለሁ ነበር ያለኝ" አለች። "ያን ቀን መሽቶበት ገባ። ሳሩን ከጀሪካኗ አውጥቶ እሷ የምትበላበት ቦታ ላይ አስቀመጠው። እኔም አላነሳሁትም፤ እዚያው ደረቀ።"

ከጊዜ በኋላ ዕቅዱ ቀረ ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ዜናውን ያነበበችው ሴት ድምፅዋ ደስ ይል ነበር። ቡሬዋ ግን አልተመለሰችም፤ መስኩም ቀስ በቀስ በሌላ ስም፣ በሌላ ወረቀት ታጠረ። አባቴ ገላን ከተማ የሚሠራ ወንድሜ ዘንድ ሄዶ የመጋዘን ጥበቃ ተቀጠረ፤ እሱም እንደ ጫንጮው ሽማግሌ ኮፍያ አለው። ሐሙስ የሚባለው ቀን ለእኔ እስካሁን ባዶ ነው። ሥራ ላይ ሆኜ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ጆሮዬ ወደ በሩ ያዘነብላል፤ በኦሮምኛ የሚስቅ ሰው ድምፅ ስሰማ ደግሞ ከወንበሬ ልነሳ እደርሳለሁ።

ባለፈው አባቴን ልጠይቀው ስሄድ ከሱፐርማርኬት በላስቲክ ብርጭቆ የታሸገ እርጎ ገዛሁለት። የመጋዘኑ በር ላይ ያለችው ጠባቧ የጥበቃ ጎጆው ውስጥ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ጠጣው።

"ይኼ ጭስ የሚባል ነገር አያውቅም" አለኝ። "ሽታ የለው፣ እናት የለው።"

ስነሳ "ቆይ" ብሎ ብርጭቆውን ቧንቧው ላይ አጠበው። ከዚያ የመጋዘኑን አጥር ተከትሎ ሄደ። ከባድ መኪና አልፎ አቧራው እስኪሰክን አላየሁትም። ሲመለስ ብርጭቆው ውስጥ ከውሃ መውረጃው ዳር የበቀለ ሰርዶ ነበር፤ አቧራ የጠጣ፣ ቢሆንም አረንጓዴ። አስያዘኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩት።

ታክሲው ውስጥ ብርጭቆውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያሉ ትልቅ ሴትዮ ሳሩን አይተው ፈገግ አሉ፤ የአገሬ ሰው መሆን አለባቸው።

"ላም አለቻችሁ እንዴ፣ ልጄ?"

"አለችን" አልኳቸው። "ፈተና ላይ ናት።"